የጓሮው ዛፍ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ የገዛነው ቤት ጓሮ ያለው ትልቅ ዛፍ ጣሪያችንን እየነካ ነው። ግቢው የኛ ስለሆነ ማስቆረጥ እንችላለን?

መልስ፦ መጋዝ ከማስነሳትዎ በፊት ሜትር ይያዙ። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍ ብለው የግንዱን ዙሪያ ይለኩ። ከ44 ኢንች በታች ከሆነ ፈቃድ አይጠየቁም። 44 ከሞላ ግን ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው፤ ክፍያው በኢንች ስለሚሰላ ኪስ ይጎዳል። 100 ኢንች የሞላውን ደግሞ፣ አደገኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ ባለቤቱም አይቆርጠውም።

ጣሪያ የሚነኩትን ቅርንጫፎች መከርከም ይቻላል፤ አናቱን መጎመድ ግን እንደ መቁረጥ ይቆጠራል። እኔ ብሆን አስከርክሜ እተወው ነበር፤ የነሐሴን ፀሐይ የሚመክት ጥላ በቀላሉ አይገኝም። ደጃፍዎ ላይ፣ በእግረኛ መንገዱ ዳር ያለው ዛፍ የከተማው ነው፤ ቅርንጫፉን ሳይነኩ 311 ይደውሉ።