ከወጌሻው ጎን 3 ቀን

በቅርቡ የአንድ ክለብ ወጌሻ ሥራውን ሲያከናውን ለ3 ቀን እየተከተልን ተመልክተናል። የሄድነው ሙያውን ለማወቅ ነበር፤ ያየነው ግን ለማንኛውም መምህር የሚበጅ ስለሆነ እነሆ እናካፍላችኋለን።

አንደኛ፤ ወጌሻ ሲባል ብዙዎቻችን የሚያሽ ሰው ብቻ ይመስለናል። እሱ ግን ከእጁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ነው የሚያሠራው። ተጫዋቹ እንዴት እንደወደቀ ያያል፤ የቱ ጋ እንዳመመው ይጠይቃል፤ ከዚያ ይዳስሳል።

ሁለተኛ፤ ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ወዲያው ማሸት እብጠቱን ያባብሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝና እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይሻላል። ልጁ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው ስብራት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሦስተኛ፤ ተሰብሯል ብሎ በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰር አደገኛ ነው። ደም ካልተዘዋወረ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል፤ እስከ መቆረጥም ያደርሳል።

አራተኛ፤ ራሱን ተመትቶ የዞረበት ተጫዋች «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም።

የሙያው ከባዱ ነገር ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ልግባ እያለ፣ አሠልጣኙ እየተቆጣ፣ ደጋፊው እየጮኸ፣ አይሆንም ማለት። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ዳኛውም ወጌሻውም እኛው ነን። ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ፊሽካ ከመንፋታችን በፊት የጤና ጣቢያውን መንገድ እንወቅ!