የእኛ ማይክሮስኮፕና ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ

የዛሬው የሳይንስ ዓምድ ተራ የኔ ነው። የመረጥኩት ርዕስ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ምክንያቱም በክፍላችን ውስጥ "የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ኮሮና ቫይረስን እንኳ ካላሳየ ምን ይሠራል? ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው እንጂ!" የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

የእኛው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይባላል። ከሥሩ ያለችው መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ትመልሳለች። ብርሃኑ ስላይዱ ላይ ባለው ነገር ውስጥ ያልፍና በሌንሶቹ በኩል ዓይናችን ይደርሳል። የላይኛው ሌንስ 10 ጊዜ፣ የታችኛው 40 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ ማባዛት ብቻ ነው፤ 400 ጊዜ። የታችኛው ባለ 100 ከሆነ 1000 ይደርሳል።

ታዲያ ሌላ ሌንስ ጨምረን ለምን 100,000 አናደርሰውም? ይህን ቲቸርን ጠይቄያቸው ነበር። ማጉላትና መለየት ይለያያሉ አሉኝ። በስልክ የተነሳ ፎቶ በጣታችሁ ለጥጡት፤ ይተልቃል እንጂ ያልነበረ ነገር አይመጣም፣ እንዲያውም ይደበዝዛል። ብርሃን ሞገድ ነው፤ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። (1 ሚሊሜትር ውስጥ 1,000,000 ናኖሜትር አለ!) ስለዚህ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች በብርሃን አንድ ሆነው ይታያሉ። ካልገባችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሳንቲም ላይ ያለውን አንበሳ በክርናችሁ ዳስሱት። ቀጥሎ በጥፍራችሁ። አንበሳው በክርን ያልታወቀው ክርን ወፍራም ስለሆነ ነው። ኮሮና ቫይረስ 100 ናኖሜትር ገደማ፣ የፖሊዮ ቫይረስ 30 ገደማ ነው። ለእነሱ ብርሃን እንደ ክርን ነው።

ጥፍር የሆነው ኤሌክትሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ጀርመን አገር በርሊን ውስጥ ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል የመጀመሪያውን ሠሩ። ሩስካ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ 55 ዓመት መጠበቅ ማለት እኮ ነው! የኤሌክትሮን ሞገድ ከብርሃን በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ሌንሱም መስታወት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነው፤ ምስሉ የሚታየው በስክሪን ላይ ነው። ቫይረስም፣ በህዋስ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ራይቦዞሞችም የታዩት በዚህ ነው።

ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለ ብር ብቻ አይደለም የማወራው። ኤሌክትሮን አየር ካገኘ ይበታተናል። ስለዚህ የማሽኑ ውስጥ አየሩ ተመጦ ይወጣል። የሚታየው ነገር ይደርቃል፣ በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጣል ወይም ላዩ በወርቅ ይለበጣል። ይህ ብቻ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሁሉ የደረሰበት ህዋስ በሕይወት አይኖርም። ቀለምም የለውም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱት ቀይና አረንጓዴ የቫይረስ ፎቶዎች ቀለማቸውን ያገኙት በኋላ በኮምፒውተር ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ትንሽ ከፍቶኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መስከረም ላይ ታናሽ እህቴ ትኩሳት ይዟት ማታ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጠዋት እማዬ አዝላት ጤና ጣቢያ ሄድን። ጣቷን ወግተው ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀቡ፣ ቀለም አደረጉበትና በማይክሮስኮፕ አዩት። ያ ማይክሮስኮፕ የብርሃን ነው! ቀይ የደም ህዋስ 7000 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ውስጡ የተደበቀው የወባ ተውሳክ በ1000 ማጉላት በደንብ ይታያል። ወባ መሆኑ ታወቀ፤ ከምሳ በፊት መድኃኒቷን ይዘን ቤት ገባን። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብንጠብቅ ኖሮ ናሙናው እስኪዘጋጅ እህቴ ምን ትሆን ነበር?

ደግሞም የሚዋኝ ነገር ማየት የሚቻለው በእኛው ነው። ቲቸር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ማይክሮስኮፑን ከቁም ሳጥን ሊያወጡልን ተስማምተዋል። ከቧንቧው ጀርባ ካቆረው አረንጓዴ ውኃ በሃይላንድ ቀድቶ የሚያመጣ ልጅ እንፈልጋለን። አንድ ሽንኩርትም። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ውስጡ ያሉት አየር ይፈልጋሉ።