የታጠበ እጅና ያልተጠረገ ስልክ

ዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ። ጠያቂው ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ምሳ ቀርቦ እጅ ታጥበዋል፤ የወጣቱ ስልክ ጠራ።

ወጣቱ፦ ይቅርታ እትዬ፣ ደንበኛ ነው። አንዴ ላናግረው።

እትዬ፦ አናግረው። ስትጨርስ ግን እንደገና ትታጠባለህ፤ ውሃው አላለቀም።

ወጣቱ፦ አሁን በሳሙና ታጥቤ?

እትዬ፦ መታጠብህንማ አየሁ። ስልኩ ጠዋት የት የት ዋለ?

ወጣቱ፦ ገበያ ይዤው ዞሬያለሁ። ብር እየቆጠርኩ ነካክቼዋለሁ። ሽንት ቤትም ይዤው ገብቻለሁ፤ መብራት ስለሌለው እንደ ባትሪ አበራበታለሁ።

እትዬ፦ አየህ፣ ከሽንት ቤት ወጥተህ እጅህን ታጠብክ፤ ስልኩን ግን ያጠበው የለም። አሁን በዚያው እጅ ከአንድ ገበታ ልንበላ ነው። ጣትህ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ስታጎርሰኝ ደግሞ አፌ ድረስ ይመጣል። በእጁ የሚበላ ሰው ስለ ስልኩ ከማንም በላይ መጠንቀቅ አለበት።

ወጣቱ፦ እውን ያን ያህል ጀርም አለበት? መስታወቱ እኮ ያብረቀርቃል።

እትዬ፦ ጀርም በዓይን አይታይም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን ስልክ የመረመሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ከአሥር ስልክ ከዘጠኝ በሚበልጠው ላይ ባክቴሪያ አግኝተዋል። አብዛኛው በማንኛችንም ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ጉዳት የማያደርስ ነው፤ ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ማስፈራራት ይሆንብኛል። ነገር ግን ቁስል የሚያመረቅዘውም፣ በዓይነ ምድር የሚመጣውም አብሮ ተገኝቷል። ያውም የባለሙያዎቹ ሥራ እጅ መታጠብን ይጠይቃል።

ወጣቱ፦ ኮሮና ጊዜ ስንት ዕቃ ጠረግን! በኋላ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው ተባለ።

እትዬ፦ ልክ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ስንደውል በጥሪው ፋንታ እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት እንሰማ ነበር። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለሆነ በዕቃ የመያዙ ዕድል አነስተኛ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ተቅማጥና የቁስል ማመርቀዝ ግን እንደዚያ አይደሉም። እነሱን የሚያመላልሳቸው እጅ ነው፤ እጅም ከነካው ነገር ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ወጣቱ፦ እርስዎን እንዲህ የሚያንገበግብዎት ምንድን ነው?

እትዬ፦ አራስ ቤት ነዋ! እናቲቱ ገና ከመገላገሏ ስልክ ይመጣላታል። ባል ይቀበልና ጆሮዋ ላይ ይይዝላታል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ስልኩ ከእህት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ አክስት ይዞራል። ቀጥሎ ፎቶ ይነሣል፤ ስልኩን የያዘው እጅ የሕፃኑን ጉንጭ ይነካል፣ ጣቱን ያስጨብጠዋል፣ መጠቅለያውን ይገልጣል። እትብቱ ገና አልደረቀም። ደስታቸውን አልከለክልም፤ ግን ሕፃኑን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ ሁልጊዜ እለምናለሁ።

ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ያየውን ከተማርኩ ወዲህ አልረሳሁትም። ሐኪሞች አስከሬን መርምረው በዚያው እጅ ያዋልዱ ነበር፤ ከመቶ ወላዶች ከአሥር የሚበልጡት የሚሞቱበት ጊዜ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያስገድዳቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ ወደ 2 ከመቶ ግድም ወረደ። ያኔ ጀርም ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ እጅ ብቻ ነው የታጠበው።

ወጣቱ፦ ሕፃናት ሲያለቅሱም ስልክ እንሰጣቸዋለን።

እትዬ፦ እነሱም ይልሱታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ያሻሉ። በክልላችን ትራኮማ ስንቱን ዓይን እንዳጠፋ ታውቃለህ። ትራኮማን ስልክ ያመጣዋል አልልህም፤ የታወቁት መንገዶቹ ጣት፣ ጨርቅና ዝንብ ናቸው። ዓይኑ የሚያዥ ልጅ የያዘውን ሳትጠርግ ለሌላው አትስጥ ነው የምልህ። ይልቅ አጸዳዱን አንተ ንገረኝ፤ ባለሙያው አንተ ነህ።

ወጣቱ፦ መጀመሪያ ከቻርጀር ነቅሎ ማጥፋት ነው። ከቨሩን አውልቆ ለብቻው በሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ ሳይደርቅ ግን አይመለስም። ስልኩ ላይ ውሃም ሆነ አልኮል በቀጥታ አይፈስም፤ በቻርጀሩ ቀዳዳና በድምፅ ማውጫው ይገባል። በቲነር የሚጠርጉ አሉ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

እትዬ፦ በረኪናም እንደዚያው፤ ከአልኮል ጋር ከቀላቀሉት ደግሞ መርዝ ነው። ከፋርማሲ ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል ግዛ። 96ቱ ይበልጣል የሚሉህን አትስማ፤ ቶሎ ይተናል። ጀርሙን በደንብ እንዲገድል በውስጡ ውሃ ያስፈልገዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ የመነጽር ዓይነቱን፣ በትንሹ አርጥበህ መስታወቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ጥረግ፤ በራሱ ይድረቅ። አልኮል ከሌለ ሳሙና በነካ፣ ውሃው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርገህ አድርቀው።

ወጣቱ፦ ባለቁልፉ ስልክስ? በቁጥሮቹ መሃል ያለው እድፍ አይወጣም።

እትዬ፦ የጥርስ ብሩሽ ጫፍ አርጥበህ ፈትገው። ሪሞቱም እንደዚያው ነው። የኤቲኤሙን ቁልፍና የፋይዳ መታወቂያ አሻራ የሚነሣበትን መስታወት ግን አንተ አታጸዳቸውም፤ ነክተሃቸው ከሆነ ከመብላትህ በፊት ታጠብ።

ወጣቱ፦ በየስንት ጊዜው ይጠረግ?

እትዬ፦ በቀን አንዴ፣ ማታ። እዚሁ ከተማችን እናት ሆስፒታል ሕመምተኛ ጠይቀህ ስትመለስ ወይም ስልክህ በብዙ ሰው እጅ ሲዞር ደግሞ ወዲያው። ሽንት ቤት ይዘኸው አትግባ፤ ለመብራቱ ባትሪ ግዛ። ገበታ ላይም አይቅረብ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በቀን የስንት ሰው ስልክ በእጅህ ያልፋል። ሱቅህ ላይ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ አስቀምጥ፤ የጠገንከውን ሁሉ ባለቤቱ ፊት ጠርገህ መልስ፣ አጠራረጉንም አሳየው። ቤቱ አራስ ወይም ሕፃን ያለ እንደሆነ ደግሞ ሳታሳየው አትሸኘው።