የአሳ ሽታ፣ ሎሚና ኬሚስትሪ

በዚህ እትም የሳይንስ አምድ የማቀርብላችሁ በክፍላችን በጨዋታና በቀላል ሙከራ የተማርነውን የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ትምህርቱ የተጀመረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እናቴ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ትሠራለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስና ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛታለሁ። የቆሮሶ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ አምባዛ አጥባለሁ፣ የተረፈውን ሆድቃ ለአባ ኮዳዎቹ እወረውራለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። የማልወደው እጄ ላይ የሚቀረውን ሽታ ነው። በሳሙና ብታጠብም አይለቅም። ሲብስብኝ በአመድ እፈትገው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የዴስክ ጓደኛዬ "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለችና ደብተሯን ይዛ ወደ ጥግ ፈቀቅ አለች። ምንም አልመለስኩላትም። እጄን ዴስክ ስር ደበቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን ባውቀውም እንኳ እጅ ማውጣት ተውኩ።

የሳይንስ መምህራችን ክፍል ውስጥ አንድ የጥያቄ ካርቶን አስቀምጠዋል። ማንም ሰው ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄ ይከታል። እማዬ እጇን ሁልጊዜ በሎሚ እንደምትታጠብ አውቃለሁ። ስለዚህ "ሎሚ የአሳ ሽታ ለምን ያጠፋል?" ብዬ ጻፍኩና ከተትኩ። ቲቸር ጥያቄውን ሲያነቡት አንዳንድ ልጆች ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ይሄ ትክክለኛ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር ማወቅ አለብን፤ ነገሮች ከምን እንደተሠሩና አሲድና ቤዝ ምን እንደሆኑ" አሉን። ማን እንደጻፈውም አልጠየቁም።

1. የቆርኪ ጨዋታ

ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው የለስላሳ ቆርኪ፣ ቀለምና ስቴኪኒ ብቻ ነው። ነጭ ቆርኪ ሃይድሮጅን፣ ቀይ ኦክስጅን፣ ሰማያዊ ናይትሮጅን፣ ጥቁር ካርቦን ነው። እያንዳንዱ ቆርኪ "እጅ" አለው። ሃይድሮጅን 1፣ ኦክስጅን 2፣ ናይትሮጅን 3፣ ካርቦን 4 እጅ አላቸው። ቆርኪዎቹን ዴስክ ላይ ደርድረን በመካከላቸው ስቴኪኒ እናደርጋለን። አንድ ስቴኪኒ ማለት ሁለት አተሞች ተጨባበጡ ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ባዶ እጅ መቅረት የለበትም። ቀድሞ የጨረሰ ቡድን ያሸንፋል።

መጀመሪያ ውሃ ሠራን፤ 1 ቀይና 2 ነጭ። ለዚህ ነው ውሃ "ኤች ቱ ኦ" የሚባለው። ቀጥሎ አሞኒያ ሠራን፤ 1 ሰማያዊና 3 ነጭ። በመጨረሻ ቲቸር ከባዱን ሰጡን። "ከአሞኒያው ሦስቱን ነጭ አንሱ። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጥቁር አድርጉ። የጥቁሮቹን ባዶ እጅ ደግሞ በነጭ ሙሉ" አሉን። ስንቆጥረው 1 ሰማያዊ፣ 3 ጥቁርና 9 ነጭ፣ በድምሩ 13 ቆርኪ ሆነ። "ይሄ ትራይሜቲልአሚን ይባላል። አሳ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ከሚፈጥሯቸው አሚን የሚባሉ ነገሮች አንዱ ነው። አሳ አሳ የሚሸታችሁ እሱ ነው" አሉ። እኔ ዝም ብዬ አየሁት። እጄ ላይ ያለው ነገር ይሄ ነው ማለት ነው! ቆሻሻ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ለካስ ስም አለው።

2. የከርከዴ ሙከራ

አሲድ ጎምዛዛ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ሎሚና አቼቶ። ቤዝ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ እጅ ላይ ሙልጭ ሙልጭ ይላል። ነገር ግን ሁሉንም እየቀመስን መለየት አንችልም፤ አደገኛ ነው። ስለዚህ ቀለም የሚለውጥ ምስክር ያስፈልጋል። ይህ ምስክር አመልካች ይባላል። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ የአበባ ጭማቂ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፏል። እኛ የተጠቀምነው ከርከዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. አንድ እፍኝ ደረቅ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና ሲቀዘቅዝ አጥሉት።
ለ. አንድ ማንኪያ አመድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፤ ሲጠል በጨርቅ አጣሩት።
ሐ. የሃይላንድ ፕላስቲኮችን ቂጥ ቁረጡና እንደ ኩባያ ተጠቀሙባቸው። በአንዱ የሎሚ ጭማቂ፣ በአንዱ አቼቶ፣ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በአንዱ የአመድ ውሃ፣ በአንዱ የሐይቅ ውሃ ጨምሩ።
መ. ከመጀመራችሁ በፊት ግምታችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን አትዝለሉ!
ሠ. በየኩባያው 5 ጠብታ ከርከዴ ብቻ አድርጉ። ከርከዴው ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ከበዛ ውጤቱን ያበላሸዋል።

ሎሚውና አቼቶው ደማቅ ቀይ ሆኑ። የሳሙናው ውሃ ወደ ሰማያዊ አደላ። የአመዱ ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ስለዚህ ሎሚና አቼቶ አሲድ፣ ሳሙናና አመድ ቤዝ ናቸው።

የሐይቁን ውሃ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። "ውሃ ስለሆነ ምንም አይለውጠውም" ብዬ ገምቼ ጽፌ ነበር። ግምቴ ተሳሳተ። ቀይነቱ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊ አደላ። ላጠፋው እርሳስ ስበላ ቲቸር አዩኝና "ተይው፣ አታጥፊው። አጠገቡ ያየሽውን ጻፊ" አሉኝ። ከዚያ ምክንያቱን አስረዱን። የሀዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከላዩ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አፈር ላይ ሲያልፍ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ስታተን እነዚህ ነገሮች ይቀራሉ። ስለዚህ ሐይቃችን ትንሽ ቤዝ ነው። ወደ ሰሜን ያሉት የሻላና የአብያታ ሐይቆች ደግሞ ከኛ በጣም ይበልጣሉ። ከአብያታ ሶዳ አሽ የተመረተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሶዳ አሽ መስታወትና ሳሙና ለመሥራት ይጠቅማል። በየቀኑ የማየው ሐይቅ ይህን ሁሉ ይዞ እንደተኛ አላውቅም ነበር።

3. የአሳው ሙከራ

አሁን ወደ ጥያቄው መጣን። ከገበያ ያደረ የአሳ ጭንቅላት ተገኘና በትንሽ ውሃ ታጠበ። እጣቢውን ለአራት ኩባያ አከፋፈልን። በመጀመሪያው ላይ ውሃ፣ በሁለተኛው የሳሙና ውሃ፣ በሦስተኛው ሎሚ፣ በአራተኛው አቼቶ እኩል እኩል ጨመርን። ከዚያ 6 ተማሪዎች አይናቸው በሻሽ ታስሮ አሸተቱ። ሲያሸቱም አፍንጫቸውን ኩባያ ውስጥ አልከተቱም፤ አየሩን በእጃቸው ወደ ራሳቸው አራገቡት። የኬሚስትሪ አሸታተት እንደዚህ ነው።

የእኔ ግምት ሳሙና ያሸንፋል የሚል ነበር። የውሃውና የሳሙናው ኩባያ ግን ሁሉንም ፊታቸውን አስጨፈገጋቸው። የሎሚውና የአቼቶው በጣም ቀንሶ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ቲቸር፣ የሎሚው ሽታ ሸፍኖት ቢሆንስ?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ቲቸር "እንዴት እናረጋግጥ?" ብለው መልሰው ጠየቁን። ማንም አልመለሰም። እሳቸው የአመዱን ውሃ አነሱና በሎሚው ኩባያ ላይ ቀስ እያሉ ጨመሩበት። መጀመሪያ ትንሽ አረፋ ወጣ። መጨመራቸውን ቀጠሉ። አረፋው ሲቆም የፊተኛው ረድፍ በሙሉ "ውይ!" ብሎ አፍንጫውን ያዘ። ሽታው ተመለሰ! ማለትም መጀመሪያም አልጠፋም ነበር፤ ተለውጦ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

ምክንያቱን በቆርኪ አየነው። አሚን ቤዝ ነው። ሎሚው አሲድ ስለሆነ አንድ ሃይድሮጅን ያቀብለዋል። ሃይድሮጅኑን የተቀበለው አሚን ጨው ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ ተንኖ ወደ አፍንጫችን አይመጣም። አመድ ሲጨመር ግን ቤዙ ያንን ሃይድሮጅን መልሶ ይወስደዋል። አሚኑ ነፃ ይወጣና እንደገና ይሸታል።

ይህን ሲያስረዱ አንድ ነገር ከነከነኝ። ናይትሮጅን 3 እጅ ብቻ ነው ያለው ተብለን አልነበር? አራተኛውን ሃይድሮጅን በምን ያዘው? ከስንት ጊዜ በኋላ እጄን አወጣሁና ጠየቅኩ። ቲቸር በጣም ደስ አላቸው። "የቆርኪው ሕግ መጀመሪያ ለመማር ነው፤ ሁሉንም አይናገርም። ናይትሮጅን እጁ ካልያዘው ሌላ ሁለት ትርፍ ኤሌክትሮን አለው። ከአሲድ የሚመጣው ሃይድሮጅን የራሱን ኤሌክትሮን ትቶ ስለሚመጣ በነዚያ ይያዛል። ያን ጊዜ ጠቅላላው የፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል። ቻርጅ ያለው ነገር ውሃ ውስጥ መቆየት እንጂ መትነን አይወድም" አሉኝ።

ያኔ ሌላ ነገር ገባኝ። እኔ እኮ እጄን በአመድ ነበር የምፈትገው! ራሴው ነበርኩ ሽታውን የምቀሰቅሰው። "ቲቸር፣ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ፤ የእጄንም ታሪክ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። የዴስክ ጓደኛዬ ቀስ ብላ "ታዲያ በምን ትታጠቢያለሽ አሁን?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ በሎሚ ማሸት፣ ቀጥሎ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ፣ መጨረሻ ላይ ቅባቱን ለማስለቀቅ ሳሙና። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሎሚው ሳይለቀለቅ ሳሙና ከመጣበት ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ማታ ለእማዬ ሁሉንም አስረዳኋት። ሳቀችና "ሎሚ እንደሚያጠፋው እኛስ ድሮም እናውቃለን፤ ለምን እንደሆነ ነው እንጂ ያላወቅነው" አለችኝ። ይህን ለቲቸር ስነግራቸው ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ አጫወቱን። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ለምን ብለው ሲመረምሩ እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አረጋገጡ። ሴቶቹ እንዶድን ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ምርምሩ የተጀመረው "ለምን?" ከሚል ጥያቄ ነው።

ጥንቃቄ፦ ሙከራዎቹን ትልቅ ሰው ባለበት ሥሩ። ለሙከራ የተዘጋጀ ነገር አትቅመሱ። የአመድ ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፤ ከገባ ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ። በረኪናን ከሎሚም ሆነ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቤታችሁ ውስጥ እናታችሁ ወይም አባታችሁ የሚያደርጉትን፣ ግን "ለምን?" ብላችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ጻፉና ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡን። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።

ከመሰናበቴ በፊት፦ እንቆቅልሽ! ምን አውቅልሽ! "ሳይታይ ሊጥ ውስጥ ተወልዶ፣ ለእንጀራ አይን አውጥቶ የሚሄድ?" ፍንጭ ልስጣችሁ፤ በቆርኪ ስትሠሩት 1 ጥቁርና 2 ቀይ ነው። የሎሚው ኩባያ ላይ የታየው አረፋም እሱው ነበር። መልሱን በሚቀጥለው እትም ጠብቁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል
አሞራ ገደል፣ ሀዋሳ