ፀሐይ ሳትጠልቅ
ስለ ልብ ሰላም ለምእመናን የተጻፈ ትምህርት

በዚህች አጭር ትምህርት የምንናገረው የልብ ሰላም እንዴት እንደሚገኝና ከተገኘም በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ሰላምን የማይሻ ሰው የለም፤ ነገር ግን ብዙዎች በማይገኝበት ስፍራ ይፈልጉታል። አንዱ፦ ጠላቴ ሲዋረድ ልቤ ያርፋል ይላል። ኹለተኛው፦ የበደለኝ ሰው እግሬ ላይ ወድቆ ሲለምነኝ ያን ጊዜ ዕረፍት አገኛለሁ ይላል። ሦስተኛውም፦ ዘመን ሲያልፍ ነገሩ ከልቤ ይወጣል ይላል። ጠላት ግን ተዋርዶም ልብ ሳያርፍ ይቀራል፤ የበደለም ሰው ሳይለምን ይሞታል፤ ዘመንም ቂምን ያሰነብተዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሰላማችንን በበደለን ሰው እጅ አስቀምጠን እርሱ እስኪመልስልን መጠበቅ አይገባንም።

1ኛ፤ ቂም በልብ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በወላይታ ምድር ሰው ብዙ ነው፥ እርሻውም ጠባብ ነው። በቤቱ ዙሪያ እንሰትና ቡና፥ ጎደሬና በቆሎ የተከለ ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር ከደጁ ቆሞ ያየዋል። ስለዚህ ጠብ ከሩቅ አገር አይመጣም፤ ከአጥር ማዶ ይመጣል እንጂ።

እንግዲህ ኹለት ጎረቤቶች እንዳሉ እናስብ። የአንደኛው ላም ገመዷን በጥሳ ገብታ የኹለተኛውን የእንሰት ችግኝ በላች። ባለ ላሙ ሳይክስና ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ፤ ባለ እንሰቱም ዝም አለ። ዝምታው ግን የትዕግሥት ዝምታ አልነበረም። በማግሥቱ ሰላምታ ነሣው፤ በሳምንቱ ልጆቹን ወደዚያ ቤት እንዳይሄዱ ከለከላቸው፤ በወሩ የጎረቤቱ ልጅ ታሞ ሳለ ሳይጠይቅ ቀረ፤ በዓመቱ ደግሞ የድንበሩን ምልክት በሌሊት ለማንሣት አሰበ። አስተውሉ፤ ላሚቱ የበላችው ችግኝ በሌላ ችግኝ ተተክቷል፤ በልብ የተተከለው ቂም ግን ከእንሰቱ ይልቅ ፈጥኖ አድጓል። በፊት የተበደለው ሰውም አሁን በዳይ ሊሆን ተዘጋጅቷል።

የአገራችን እናቶች እንሰቱን ፍቀው በጉድጓድ ይቀብሩታል፤ በዚያም ቈይቶ ሲብላላ ቤተ ሰብ የሚመገበው ቆጮ ይሆናል። በልብ ጉድጓድ የተቀበረ በደል ግን ቈይቶ ሲወጣ ማንንም አይመግብም። አስቀድሞ የቀበረውን ሰው ያሳምመዋል። እንቅልፉን ይነሣዋል፤ ማዕዱን ያመርርበታል፤ ከሁሉም የሚከፋው ጸሎቱን ያበላሽበታል። በጕልበቱ ተንበርክኮ ከእግዚአብሔር ጋር እነጋገራለሁ ሲል፥ በልቡ ከበደለው ሰው ጋር ሲሟገት ይገኛል።

2ኛ፤ የጌታችን ትምህርት

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ስለ አንድ ባሪያ በምሳሌ ተናገረ። ይህ ባሪያ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናርም የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነበረ። እንዲህም ከሆነ የባሪያው ዕዳ የ60,000,000 ቀን ሥራ ነው፤ ይህንንም ከሺህ ሰው ዕድሜ በላይ ቢሠሩ መክፈል አይቻልም። ንጉሡም ራርቶ ሁሉን ተወለት። ባሪያው ግን ወጥቶ 100 ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አነቀ፥ ወደ ወኅኒም አገባው።

በዚህ ስፍራ ብዙ አንባቢዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። 100 ዲናር ከንቱ ገንዘብ አይደለም፤ የሦስት ወር ከዐሥር ቀን ድካም ነው። ጌታ የተበደልነውን በደል ምንም አይደለም አላለንም። በእውነት ተበድለናል፤ በእውነት ቈስለናል። ነገር ግን ይህን እውነተኛ ዕዳ ከተተወልን ዕዳ አጠገብ አስቀምጠን እንድንመዝነው አስተማረን። የይቅርታ መጀመሪያ ይህ ሚዛን ነው። ቍስላችን እንዲያንስ አይደለም፤ የተቀበልነው ምሕረት በዓይናችን ፊት እንዲታይ ነው እንጂ።

ደግሞም የምሳሌውን ፍጻሜ ተመልከቱ። ባልንጀራውን ያሳሰረው ሰው በመጨረሻ ራሱ ታሰረ። ቂም የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። የበደለውን ሰው በልቡ ወኅኒ ያገባዋል፤ ወኅኒውንም ለመጠበቅ እርሱ ራሱ ሌሊትና ቀን በደጁ ይቆማል። እስረኛውና ጠባቂው በአንድ ቤት ያድራሉ።

3ኛ፤ በወላይታ የታየ ምስክርነት

ይህ ትምህርት በዳሞታ ተራራ ግርጌ በሶዶ ከተማ አካባቢ በሥራ ተፈትኗል። ወላይታ የቀድሞ ኀዘን ያለበት አገር ነው። በ1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ዘመን ከምኒልክ ሠራዊት ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙም ተማረከ፤ የዚያም ኀዘን ወሬ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቻቸው፥ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን መልእክተኞች፥ ወደ ሶዶ መጥተው ሥራ ጀመሩ። በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 10 አማንያን ተጠመቁ። በዚያን ጊዜ ማንበብ የቻሉት ጥቂቶች የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ለወገኖቻቸው በወላይትኛ ይተረጕሙላቸው ነበር። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ጥበብ አስተውሉ፤ የድል አድራጊው ቋንቋ ለተሸነፈው ልጅ የምሕረት ቃል መልእክተኛ ሆነ። ቂም ያሸነፈው ሰው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ስለ ቋንቋው በጣለው ነበር።

የኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ሌላ ፈተና መጣ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያን ከወላይታ ወጡ። ያን ጊዜ የተጠመቁት አማንያን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎችም ተያዙ፥ ተገረፉ። ከእነርሱም አንዱ ዋንዳሮ ታሰረ፥ በጅራፍም ተገረፈ፤ ከእስራቱም በኋላ ወንጌልን መስበኩን አልተወም።

በዚያ ወኅኒ እስረኛን የሚመግብ ዘመዱ ነበረ እንጂ ያሰረው መንግሥት አልነበረም። አማንያን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ያመጡ ነበር፤ ያመጡትም እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ላላመኑት እስረኞች ደግሞ ይተርፍ ነበር። ያላመኑትም ይህን ፍቅር አይተው፦ እንዲህ ያለ ነገር ከወዴት ነው ብለው ጠየቁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያን ሲመለሱ የአማንያን ቍጥር 10,000 ያህል ደርሶ ነበር። ይህ በሰይፍና በሀብት የተገኘ አይደለም። መራራ መሆን የሚገባው የሚመስል ሕዝብ መራራ ሳይሆን በመገኘቱ ብዙዎች ወደ ወንጌል ተሳቡ።

ከዚህም በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፥ ወደ ጎፋ፥ ወደ ሲዳማ፥ እስከ ኦሞ አገር ድረስ ሄዱ። በአባቶች ዘመን ጦር ይዘው ከተፋጠጡት ጎረቤቶች ወደ አንዳንዶቹ አሁን ልጆቻቸው መጽሐፍ ይዘው ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ፥ ሕዝቡ በተሸነፈው ጠላት ላይ ግፉን በግፍ እንዳይበቀል እንዳዘዙ እናውቃለን። እንግዲህ ይህን ያህል ታላቅ በደል ይቅር ሊባል ከቻለ፥ እኛ ስለ አንዲት ላምና ስለ አንድ ክፉ ቃል ምን እንመልሳለን?

4ኛ፤ ይቅርታ ያልሆነው ነገር

አንዳንድ ሰዎች ይቅርታን በስሕተት ተረድተው ይሰናከላሉ፤ ስለዚህ በሦስት ቃል ለይተን እንናገራለን።

ይቅርታ እውነትን መደበቅ አይደለም። በደሉን በስሙ የማይጠራ ሰው ይቅር ሊለው አይችልም። ሌባ ሰረቀኝ፥ ወንድሜ ካደኝ፥ ጎረቤቴ ስሜን አጠፋ ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ይተው።

ይቅርታ ፍርድን ማፍረስ አይደለም። ድንበር የተገፋበት ሰው ሽማግሌዎችን ቢጠራ ወይም ዳኛ ፊት ቢቆም ኀጢአት አልሠራም፤ ልቡ ብቻ በቀልን አይሻ። በባልዋ የምትደበደብ ሴት ወይም ግፍ የሚደርስበት ልጅ፦ ይቅር ብለህ ተመለስ፥ ዱላውን ታገሥ ተብሎ ሊታዘዝ አይገባም። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሽማግሌ የሰላም ሰው አይደለም። በዳዩም ይቅር ተብያለሁ ብሎ የወሰደውን ሳይመልስ መቀመጥ አይገባውም። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ።

ይቅርታና ዕርቅም አንድ አይደሉም። ዕርቅ ኹለት ሰው ይፈልጋል፤ ይቅርታ ግን አንድ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚያደርገው ነው። የበደለን ሰው ባይመጣ፥ ባያምን፥ ወይም ሞቶ ቢሆን እንኳ፥ ይቅር ማለት ከእኛ አይከለከልም። ዕርቁ ቢዘገይ የእኛ ሰላም አይዘገይም።

5ኛ፤ የየምሽቱ ምርመራ

የወላይታ አባቶች መልካም ሥርዐት ነበራቸው፤ እስከ ዛሬም አለ። በመስከረም ወር በመስቀል ሰሞን የጊፋታ በዓል ሳይገባ የተጣሉ ይታረቃሉ፤ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ነገሩን ሰምተው ያስማማሉ። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነውና። ይህ ሥርዐት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከመስከረም እስከ መስከረም 365 ቀን አለ፤ በጥቅምት የተዘራ ቂም እስከ በዓሉ ድረስ ሥር ይሰድዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 የቍጣችንን ዕድሜ በዓመት አልለካውም፤ በአንድ ቀን ፀሐይ ለካው እንጂ። ስለዚህ አባቶች በዓመት አንድ ጊዜ ያደረጉትን ክርስቲያን በየምሽቱ ያድርገው። ምሽት ሁሉ ለእርሱ የጊፋታ ዋዜማ ይሁንለት።

ይህንንም ለማድረግ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። እራት ተበልቶ፥ ከብት ታስሮ፥ ልጆች ከተኙ በኋላ ጥቂት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ማንበብ የምትችሉ ከመጽሐፍ ጥቂት ቍጥር አንብቡ፤ የማትችሉም የሰማችሁትን አስቡ። ከዚያም ልባችሁን እንዲህ እያላችሁ ጠይቁ።

ዛሬ ከእግዚአብሔር ምን ምሕረት ተቀበልሁ?
ዛሬ ማንን በደልሁ? ነገ ጧት ሄጄ ምን ልመልስለት፥ ምንስ ልበለው?
ዛሬ ማን በደለኝ? በደሉንስ በስሙ ጠርቼ ለእግዚአብሔር ሰጠሁትን?
ስለዚያ ሰው አንድ መልካም ነገር ለምኜለታለሁን?
ነገ ባገኘው ምን ትንሽ የፍቅር ሥራ አደርግለታለሁ?

ከእነዚህ ጥያቄዎች አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያው ምሽት ምላሳችሁ እንቢ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የሰውየውን ስም ብቻ በእግዚአብሔር ፊት ጥሩ። በኹለተኛው ምሽት ስለ ልጆቹ ጤና ለምኑ። ስለ ሰው እየለመኑ ያን ሰው ለረዥም ጊዜ መጥላት አስቸጋሪ ነው። በማግሥቱ ቂሙ ተመልሶ ቢመጣም፦ ይቅር አላልሁም ማለት ነው ብላችሁ ተስፋ አትቍረጡ። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታ ከቍጥር በላይ የሆነ መልስ ሰጠው፤ ይኸውም ስለ ብዙ በደሎች ብቻ ሳይሆን፥ ስለ አንድ በደል ብዙ ጊዜ ይቅር ማለት ስለሚያስፈልግ ደግሞ ነው። አራሽ አረምን አንድ ጊዜ ነቅሎ አይጨርስም፤ በየጊዜው ይነቅላል፥ እህሉም ያድጋል።

አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ ይቅርታን ወደ ፍቅር ያሻግረዋል። ላሚቱ እንሰቱን የበላችበት ሰው ነገ ጧት አጥሩ ዘንድ ቆሞ፦ እንዴት አደራችሁ? ልጁ ተሻለው? ይበል። ይህች ቃል ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የዓመት ዝምታን ትሰብራለች። ጎረቤቱም ቢመልስ መልካም ነው፤ ባይመልስም የተናገረው ሰው ወደ እርሻው የሚሄደው ሸክሙን አውርዶ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ይህን ትምህርት አንብባችሁ ወይም ሰምታችሁ ከሆነ እስከ እሑድ አትቈዩ። ዛሬ ፀሐይ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሳትወርድ በልባችሁ ያሰራችሁት ሰው ማን እንደ ሆነ አስቡ፤ የወኅኒውንም ደጅ ክፈቱ። እርሱ ሲወጣ እናንተም ትወጣላችሁ። የሰላም አምላክ ልባችሁንና አሳባችሁን ይጠብቅ፤ አሜን።