ከጉድጓዱ እስከ ጽዋው
የቧንቧ ውኃችንን ንጽሕና ስለ መጠበቅ የቀረበ ትምህርት

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ቀድሞ በብዛት ይኖሩባት የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ስለ መንጻት ሥርዓታቸው ሲሉ መንደሮቻቸውን ከወራጅ ውኃ አጠገብ የመመሥረት ልማድ ነበራቸው። አብዛኞቹ፣ በተለይ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላው ሙያ ግን ዛሬም በሴቶች እጅ አለ። አፈርና ውኃ ተዋሕደው ጀበናና ማሰሮ ይሆናሉ።

በደጋው ያሉ ትንንሽ ከተሞቻችንና መንደሮቻችን ዘመናት ያሳለፉት በወንዝና በምንጭ ነበር። አሁን ግን ብዙዎቹ ከምድር በታች በፓምፕ ተስቦ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ያገኛሉ። እንስራውም ቦታውን ለቢጫው ጀሪካን ለቋል። ይህ ታላቅ በረከት መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከበረከቱ ጋር አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም «የቧንቧ ውኃ ከሆነ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ እምነት ነው። ውኃው ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ ሕፃኑ በሚጠጣበት ጽዋ ውስጥ በሽታ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

1. የከርሰ ምድር ውኃ ለምን ይታመናል?

የጎንደርና የስሜን ደጋ ምድር የተሠራው ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በተደራረበ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም በባዛልት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፤ ከፊሉ ግን በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ በድንጋዩ ስንጥቅና በበሰበሰው ንጣፍ መካከል ይጠራቀማል። አፈሩ እንደ ወንፊት ሆኖ ጭቃውንም አብዛኛውን ተሕዋስያንም ያስቀራል።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት የአንገረብን ግድብ ማሰብ ይበቃል። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚሰጠው ይህ ግድብ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በጎርፍ የሚመጣው ደለል እየሞላበት የመያዝ አቅሙ ተቀንሷል፤ ውኃውም ሳይጣራ የሚጠጣ አይደለም። ጥልቅ ጉድጓድ ግን ደለል አይገባበትም።

ይሁን እንጂ ወንፊቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ድንጋዩም በተሰነጠቀበት ሥፍራ የላይኛው ውኃ ሳይጣራ በስንጥቁ በኩል በአጭር ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ባዛልት ደግሞ ውኃ የሚይዘው ስንጥቅ ስላለው ነው፤ ለጋስ ያደረገው ጠባይ ለብክለት የሚያጋልጠውም ነው።

2. የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሠፈር ኮሌራ ተነሥቶ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ቤት ለቤት እየተዘዋወረ የሟቾቹን መኖሪያ በካርታ ላይ ምልክት ሲያደርግ፣ አብዛኞቹ በብሮድ ጎዳና ከሚገኘው አንድ የጉድጓድ ፓምፕ የሚቀዱ ሆነው ተገኙ። የሚያስደንቀው የዚያ ጉድጓድ ውኃ የጠራና በጣዕሙ የተወደደ መሆኑ ነው። ከሠፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት እንኳ ጣዕሙን ስለ ወደደች በየጊዜው እያስመጣች ትጠጣው ነበር፤ እርስዋም በዚያው በሽታ ሞተች። በአጠገቡ ያለ የቆሻሻ ጉድጓድ ወደ ውኃው ይሰርግ እንደ ነበር በኋላ ታወቀ።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር የሚቀጥለውን ያድምጥ። ዎከርተን በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የምትገኝ 5 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ውኃዋን የምታገኘው ከጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ጣለ፤ በአንዱ ጉድጓድ አጠገብ በሚገኝ እርሻ የተበተነው የከብት ፍግ በስስ አፈርና በተሰነጠቀ ድንጋይ በኩል ወደ ውኃው ገባ። በውኃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ከሚፈለገው በታች ነበር። የከፋው ደግሞ ሠራተኞቹ የክሎሪኑን መጠን ሳይለኩ የፈጠራ ቁጥር በመዝገብ ይጽፉ የነበሩ መሆናቸው ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ብክለት መኖሩን ሲገልጽም ለጤና ባለሥልጣኖች ሳይነገር ቀረ። «ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ብዙ ቀናት አልፈው ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ ታመሙ።

ባለጸጋ አገር፣ ዘመናዊ ቧንቧ፣ የጠራ ውኃ፤ ግን ጠባቂው ተኝቷል። ትምህርቱ ለእኛም ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደርና በዋግ ኽምራ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ሥፍራ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር።

3. አራቱ በሮች

ውኃው ከምድር እስከ አፋችን ድረስ በአራት በሮች ያልፋል። በአንዱ በር ጠባቂ ከሌለ የሌሎቹ ጥበቃ ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያው በር የጉድጓዱ አፍ ነው። በብረት ወይም በፕላስቲክ ቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልተደፈነ፣ ዙሪያውም በኮንክሪት ካልተነጠፈ፣ ጎርፍ በቱቦው ጎን ተንሸራቶ ይገባል። ሥፍራው መታጠር አለበት፤ ከብት በአጠገቡ መዋል የለበትም። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በላይ ሳይሆን በታች ባለው ተዳፋት ይሁን። መንደሩ እየሰፋ ሲሄድ ትናንት ሜዳ የነበረው የጉድጓድ አካባቢ ዛሬ በቤትና በመጸዳጃ ይከበባል።

ሁለተኛው በር ማጠራቀሚያው ነው። ክዳኑ የተሰበረ ጋን ወፍም፣ አይጥም፣ አቧራም ይገባበታል። ክሎሪን የሚጨመረውም በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ፣ ክሎሪኑ ሲያልቅ ወይም ሲረሳ ሕዝቡ ሳያውቅ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ክሎሪን ሥራውን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ከውኃው ጋር መቆየት እንዳለበትም አንርሳ።

ሦስተኛው በር የቧንቧው መስመር ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህ ነው። ውኃ ሳያቋርጥ ሲመጣ ቧንቧው በግፊት የተሞላ ስለሆነ፣ ስንጥቅ ቢኖረው ውኃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ወይም ውኃው በፈረቃ ሲታደል፣ ግፊቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቧንቧው እንደሚጠባ አፍ ሆኖ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃው ሲመለስ የገባውን ሁሉ ይዞ ወደ ቤታችን ይደርሳል። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውኃ ለመጠጥ አንቅዳ፤ ለልብስና ለቤት ማጠቢያ እናውለው። ከክረምቱ መግቢያ ዝናብ በኋላ ደግሞ ጥንቃቄያችን እጥፍ ይሁን፤ በበጋ የተጠራቀመው ቆሻሻ ሁሉ የሚታጠበው በዚያን ጊዜ ነውና።

አራተኛው በር የቤታችን በር ነው። ከቦኖ በንጹሕ ጀሪካን የተቀዳ ውኃ በቤት ውስጥ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ሲቀመጥ፣ ሕፃን እጁን ሲነክርበት፣ ጣሳ ከመሬት ተነሥቶ ሲጠለቅበት ይበከላል። ለዓመታት ያልታጠበ ጀሪካንና ሮቶም በውስጡ አረንጓዴ ልጋግ ያበቅላል።

4. ምን እንፍራ፣ ምን አንፍራ?

ብዙ ጊዜ የማይጎዳውን ፈርተን የሚጎዳውን እናምናለን። ውኃ ሲፈላ በድስት ላይ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ከድንጋዩ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ሳሙና ያባክናል እንጂ ጤና አይጎዳም። ልብስ የሚያቀላውም አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ደስ ባይልም በሽታ አያመጣም። የክሎሪን ሽታም በብዙ ቤት ቅሬታ ያስነሣል። እርሱ ግን ጠባቂው በሥራ ላይ መሆኑን የሚነግረን ድምፅ ነው። መፍራት የሚገባን ሽታውን ሳይሆን ጨርሶ መጥፋቱን ነው።

በአንጻሩ ቀለምም ሽታም የሌላቸው ጠላቶች አሉ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ እንኳ መገኘት የለበትም፤ መገኘቱ የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ውኃውን መንካቱን ያሳያልና። ከመጸዳጃና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት በ1 ሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ ከበዛ በተለይ በጠርሙስ ወተት የሚያድጉ ጨቅላዎችን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ፍሎራይድ ደግሞ ከ1.5 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ይህ በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የሰውን ጥርስ ያጠቆረና አጥንት ያጎበጠ ችግር ነው፤ በደጋው ባዛልት ግን በአመዛኙ አነስተኛ ነው። የእኛ ዋና ጠላት እንግዲህ ተሕዋስያኑ ናቸው።

ከቧንቧው ጫፍ የሚቀዳው ውኃ በ1 ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የሚደርስ ቀሪ ክሎሪን ቢኖረው መንገዱን በሙሉ ጥበቃ ሳይለየው መምጣቱን እናውቃለን። ይህን ለመለካት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ላይ የመመርመሪያ እንክብል ጨምሮ የሚወጣውን ሮዝ ቀለም ማነጻጸር በቂ ነው።

5. በቤታችን ምን እናድርግ?

ሀ) ማፍላት። ጎንደርና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውኃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ክሎሪን በቀላሉ የማይገድለውን ጃርዲያንም ይገድላል።

ለ) ማከም። በመድኃኒት ቤትና በጤና ጣቢያ የሚገኘውን የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ለልብስ የሚሸጠውን በረኪና በግምት መጨመር አይገባም። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ ተጠልሎና በንጹሕ ነጠላ ተጣርቶ ይታከም፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋልና።

ሐ) ፀሐይ። ማገዶ ሲቸግር፣ የጠራ ውኃ በንጹሕ ባለ ቀለም አልባ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ 6 ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ማስጣት፤ ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ቀን።

መ) አቀማመጥ። አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ዕቃ፣ ከተቻለም መክፈቻ የተገጠመለት። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ለውኃ አፈ ጠባብ ዕቃ ይሠራሉ፤ የእናቶቻችን ጥበብ ከጤና ትምህርት ጋር አይጣላም። የጎደለው ክዳኑና በየሳምንቱ ማጠቡ ብቻ ነው።

ሠ) ልጅ በተቅማጥ ቢያዝ። «ያልፋል» ብለን አንጠብቅ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በንጹሕ ውኃ በጥብጠን ቶሎ ቶሎ እናጠጣው፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ አይቋረጥበት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ፈጥነን እንውሰደው። ሕፃን የሚሞተው ከሰውነቱ በሚወጣው ውኃ ብዛት ነውና።

6. የጋራ ኃላፊነታችን

ጎንደር በዚህ ነገር የቆየ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት፣ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ብቻ ሳይሆን የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችንም ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ምንጭ የሚያጎለብቱ፣ ጉድጓድ የሚመረምሩ፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍሩ ነበሩ። የኮሌጁ መሥራቾች በሽታን በመድኃኒት ከማሳደድ ይልቅ ከምንጩ ማድረቅ እንደሚሻል ያውቁ ነበር።

ንጹሕ ውኃ ማግኘት ልመና አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ፖሊሲዎች እንዲያተኩሩ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን የሰው ልጅ መብት ብሎ ተቀብሏል። እንግዲያስ በቀበሌ ስብሰባ «ውኃው መቼ ይመጣል?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ «ክሎሪኑ ዛሬ ስንት ተለካ? ማን ለካው? የት ተመዘገበ?» ብለን መጠየቅን እንልመድ። የዎከርተን ነዋሪዎች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ቀሩ፤ መዝገቡም ውሸት ሆኖ ቆየ።

የውኃ ሠራተኛውም ብቻውን አይተው። ፓምፑን የሚጠብቅ፣ በሌሊት የፈነዳ ቧንቧ የሚጠግን ሰው የእኛን ልጆች ሕይወት በእጁ ይዟል። ክሎሪን ሳያገኝ ቢቀር የሚናገርለት፣ እውነተኛውን ቁጥር ቢጽፍ የማይቀጣው ማኅበረሰብ ያስፈልገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንዲት ብልቃጥ በየቀኑ መመርመር አንድ ሕፃን ከመቅበር ይቀልላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ያለው ጉድጓድ ወይም ምንጭ በምን ተከብቧል? መጸዳጃ፣ በረት ወይም እርሻ ስንት ሜትር ይርቀዋል?
2. ከአራቱ በሮች በእኛ ዘንድ ጠባቂ ያጣው የትኛው ነው?
3. ባለፈው ሳምንት ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ውኃ ለምን አዋልነው?
4. የቀሪ ክሎሪንን መጠን ለሕዝብ ለማሳወቅ በቦኖው አጠገብ አንድ ሰሌዳ ማቆም የሚቻለው እንዴት ነው? ኃላፊነቱንስ ማን ይውሰድ?