የስጦታ ደረሰኝና የኒውዮርክ ግብር

በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ብዙዎች የስጦታ ደረሰኝ ማስቀመጥ ትተዋል። ምክንያቱ ይገባናል። ያለ ደረሰኝ የሚወሰደው የፌዴራል መደበኛ ተቀናሽ ስላደገ፣ ወጪን መዘርዘር ለብዙው ቤተሰብ ጥቅም አልሰጠም። የኒውዮርክ ስቴት ሕግ ግን ሌላ ነው፤ በፌዴራሉ ያልዘረዘረ ሰው በስቴቱ መዘርዘር ይችላል።

በኒውዮርክ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት እንውሰድ። የቤት ብድር ወለድ 8,000፣ የቤት ግብር 6,000፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለእርዳታ የሰጡት 7,000፣ በድምሩ 21,000 ዶላር ነው። ይህ ለ2025 ከተፈቀደው የፌዴራል ተቀናሽ ከ31,500 ያንሳል፤ ከስቴቱ 16,050 ግን በ4,950 ይበልጣል። የከተማይቱም ግብር የሚሰላው ከዚያው ከስቴቱ ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ገቢያቸው መካከለኛ ከሆነ ከሁለቱ ግብር ከ400 ዶላር በላይ ይቀርላቸዋል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቅጹ አይቲ-196 ይባላል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በፌዴራሉ ያልዘረዘረውን ሰው እንዲዘረዝር አይፈቅዱም፤ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ጨርሶ የስጦታ ተቀናሽ የላትም።

የጉባኤ ገንዘብ ያዦች ሆይ፣ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሁሉ፣ ግብሩን ከማስታወቁ በፊት የጽሑፍ ማረጋገጫ ስጡት። በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት አግኝቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ይጻፍበት።